ከድንጋዩ እስከ ሂናዋ

ባለፈው ሰኔ የጎመን ዘር ልገዛ ከሚሴ ውስጥ አንድ የእርሻ ዕቃ መሸጫ ገባሁ። ገና በሩን እንዳለፍኩ አንድ ስለታም ሽታ አፍንጫዬን መታው። ሻጩ መሬቱ ላይ አመድ ነስንሶ በመጥረጊያ እየሰበሰበ ነበር።

«ይቅርታ እህቴ፣ የአረም መድኃኒት ተደፍቶብኝ ነው» አለኝ። «ቱፎርዲ ነው። ሽታው ከበደሽ መሰለኝ፣ ውጪ ጠብቂኝ።»

«ምንም አይደል» አልኩት። የምሬን ነው። ሰው ሁሉ አፍንጫውን ይዞ የሚሸሸውን ሽታ እኔ ቆሜ ማግሁት። ሻጩ ግራ ገብቶት አየኝ። ምን ብዬ ላስረዳው? ያ ሽታ የአዳዳን ጓሮ ነው የሚያመጣልኝ።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ሦስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ እናቴ መንታ ወለደች። ቤታችን ሁለት ክፍል ብቻ ስለነበር አባቴ «ክረምቱን አዳዳ ዘንድ ትክረም» አለ። እኔ ደግሞ ሁለት ልጅ ሲመጣ አንድ ልጅ የሚወጣበት ሕግ ያለ መስሎኝ ነበር። ልብሴን በፌስታል አድርጌ ጨፋ ሮቢት የሚሄደው መኪና ላይ ስወጣ ለዘላለም የተሰናበትኩ መስሎኝ ለጎረቤቶቻችን ሁሉ እጄን አውለበለብኩ። ማንም ቁም ነገሬ ብሎ አላየኝም።

አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ስሟ ዘሃራ ነው፤ እኛ የወንድሟ ልጆች ግን አዳዳ ስለምንላት የመንደሩም ልጅ ሁሉ አዳዳ ይላት ነበር። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ከሮቢት ከተማ ወጣ ብሎ፣ ቦርከና ወንዝ በማይርቅበት ሜዳ ላይ፣ ከአንድ ልጇ ከሉባባ ጋር ትኖራለች። ረጅም፣ ፈጣን፣ ከሰው ጋር እንደምታወራው ሁሉ ከዶሮም ከነፋስም ጋር የምትነጋገር ሴት ነበረች። ገና ደጃፏ እንደደረስኩ «ኢንታለ ኮ!» ብላ፣ ልጄ ማለቷ ነው፣ አቅፋ አነሳችኝና ወዲያው እጄን አየችው። «ይሄ እጅ ውሃ ናፍቆታል» አለችና ወደ ድንጋዩ ወሰደችኝ።

ድንጋዩ ከቤቱ ጣራ ክፈፍ ሥር ያለ ጠፍጣፋ ነጭ ድንጋይ ነው። ውዱዕ፣ ከስግደት በፊት ያለው መታጠብ፣ የሚደረገው እዚያ ላይ ነው፤ እንግዳም እጁን የሚታጠበው እዚያው ነው። ከሥሩ አንድ ስንዝር የምትሰፋ ቦይ ትነሳና ጓሮውን አቋርጣ አንዲት የሂና ዛፍ ሥር ትገባለች። አዳዳ «የውዱዕ ውሃ አይረገጥም፣ አይባክንምም» ትል ነበር። በቀን አምስት ጊዜ ከሷና ከሉባባ ክንድና እግር የሚወርደው ውሃ በሙሉ ያችን ሂና ያጠጣ ነበር። ሌላው አትክልት፣ ስድስቱ ጫት፣ ሎሚውና ቃሪያው፣ የሰማይ ውሃ ይጠብቃል።

ሂናዋ በዕድሜ ሉባባን ታክላለች። ሉባባ በተወለደች በአርባ ቀኗ አዳዳ ባቲ ገበያ ወርዳ፣ ከአንዲት ሴት ቅርንጫፍ ለምና፣ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ በብብቷ ይዛት መጣች። በተከለቻት ቀን «ይቺ ቅጠል ልጄ ስትዳር እጇ ላይ ትውላለች» ብላ ተናገረች። ያን ዓመት ደግሞ ሉባባ ታጭታ ሠርጉ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ከግንቦት ጀምሮ አዳዳ ለማንም አንዲት ቅጠል አልሰጠችም። ሊለምን የሚመጣ ጎረቤት ሻይ ጠጥቶ ይሸኛል። ሂናዋም ቅጠሏ ጥቅጥቅ ብሎ ጣራው ክፈፍ ደርሳ ነበር።

ከአጥሩ ማዶ የአባ ይማም የጤፍ ማሳ ነው። አባ ይማም ሽበታም፣ ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው። ሁልጊዜ ጠዋት በአጥሩ ላይ «አካም ቡልቴ ዘሃራ?» ይላሉ፤ እንዴት አደርሽ ማለት ነው። አዳዳ ከወዲህ «ነጋ!» ትላቸዋለች። ደህና ማለቷ ነው። ያ ሳይባል ቀኑ አይጀመርም። የሉባባ አባት በሕይወት ስለሌለ የሠርጉን ሽማግሎች የሚቀበሉትም እሳቸው ነበሩ።

በእሳቸውና በአዳዳ መካከል የነበረው ችግር አንድ ብቻ ነው፤ የአረም መድኃኒቱ። ባለፈው ዓመት ጤፉ ሲረጭ ነፋስ ተነስቶ የአዳዳን ቃሪያ አኮማትሮት፣ የሎሚዋንም ለጋ ቅጠል ጠምዝዞት ነበር። ሂናዋ ያኔ ለትንሽ ተርፋለች። ስለዚህ በዚያ ክረምት ሁለቱ ተቀምጠው ተስማሙ። ርጭቱ የንጋቱ ሶላት ሱብሂ ተሰግዶ ነፋስ ሳይነሳ ይሆናል። ከአጥሩ ጥግ ያለው ሦስት እርምጃ ጤፍ ጨርሶ አይረጭም፤ አዳዳ፣ ሉባባና እኔ በእጃችን እናርመዋለን። በአጥሩ ላይም ጆንያና አንሶላ ይሰቀላል።

ጥጉን ስናርም አዳዳ የምትናገረው ስለዚሁ ነበር። «ጤፉን ትቶ የኔን ሂና የሚበላ ምን ዓይነት ፍጥረት ነው? ምን አድርጌው?» ትላለች። «ብቻ በነፋስ ነው የሚመጣው፤ ነፋሱን መጠበቅ ነው።»

እኔ ይህን እንዳለ ዋጥኩት። መርዝ ነፋስ ውስጥ የሚኖር፣ ከማሳው በኩል ብቻ የሚመጣ ነገር መሰለኝ። ቅጠል ሲንኮሻኮሽ አጥሩ ጋ ሮጬ እቆማለሁ። አንድ ቀን የምተኛበትን አጎበር አውጥቼ ሂናዋ ላይ ልጥል ስታገል አዳዳ ደረሰችብኝ።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«ትንኝን ከከለከለ መርዝንም ይከለክላል።»

አዳዳ አፏን በነጠላዋ ይዛ እስኪያስላት ሳቀች። ከዚያ ግን ሳቋን ገታ አድርጋ አንድ ረጅም እንጨት አመጣችና የሉባባን አሮጌ ቢጫ ሻሽ ጫፉ ላይ አሰረችበት። «የነፋስ ጠባቂ አንቺ ነሽ» አለችኝ። «ሻሹ ከተነሳ ጮኸሽ ታስቆሚያለሽ።» እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ቀን ትዝ አይለኝም።

የርጭቱ ጠዋት ነሐሴ ውስጥ ነበር። ሌሊቱን ዘንቦ አባርቶ ሰማዩ ጠርቷል። ረጪው ጀማል መጣ፤ መርጫውን አዝሎ በየመንደሩ የሚዞር ወጣት ነው። ከሩቅ ሳየው ጎባጣ መስሎኝ አዘንኩለት። መርጫውን ከጀርባው አውርዶ ቀጥ ብሎ ሲቆም እንደ ተአምር አየሁት። ፊቱን በጨርቅ ጠምጥሟል፤ ቦት ጫማው ጉልበቱ ድረስ ነው። የመርጫውን አፍንጫ ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ፣ ከአጥሩ ራቅ ካለው ጀመረ።

አዳዳ ስለ ጤፉ ያላትን ቅሬታ ለሱም አነሳችበት። «አዳዳ፣ ይሄ መድኃኒት እንደ ሣር ያለውን ቀጭን ቅጠል አይነካም» አላት። «ጠቡ ከሰፊ ቅጠል ጋር ነው።»

«ሂናዬ ምን ያህል ሰፊ ናት?»

«ለሱ ትበቃዋለች።»

እኔ አጥሩ ሥር ካለ ሌላ ድንጋይ ላይ ወጥቼ ሻሹን ይዤ ቆምኩ። ሁለት ጊዜ ሻሹ ተነሳ፤ ሁለት ጊዜ «ቁም!» ብዬ ጮህኩ። ያ የሚያህል ሰው፣ ከነቦት ጫማው፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ስትጮህ ቀጥ አለ። አባ ይማም ማሳው ራስ ላይ ቆመው «ማሻአላህ፣ ይቺ ልጅ ዳኛ ትሆናለች» አሉ። ሥራው ሲያልቅ አንዲት ጠብታ ወደኛ አልመጣችም። አዳዳ አልሃምዱሊላህ ብላ ሁሉንም ለቁርስ ጠራች።

እሷና ሉባባ ቂጣና ሻይ ሊያሰናዱ ገቡ። አባ ይማም ማሳቸውን ሊያዩ ወረዱ። እኔና ጀማል ብቻ ቀረን። ሽማግሌ ወይም እንግዳ ሲታጠብ ውሃ የሚያፈሰው የቤቱ ታናሽ ነው፤ ስለዚህ ጆጉን ይዤ ቀረብኩ።

«ውሃውን ብቻ ስጭኝ» አለ ጀማል። «መርጫውንም ማጠብ አለብኝ። ወንዝ አልወስደውም፣ ከብት ይጠጣዋል። ከማሳው በታች ያለው ድንጋያማ ቦታ ላይ እደፋዋለሁ።»

«እንግዳ የሚታጠበው እዚህ ነው» አልኩት፤ ድንጋዩን እያሳየሁ። አዳዳ እንግዳ እንዴት እንደሚስተናገድ አስተምራኝ የለ? ጀማል ነጩን ድንጋይ አየ፣ የቂጣው ሽታ ከቤት መጣ፣ ደክሞታልም። ተቀመጠ። ፊቱን በሳሙና መታ፤ ዓይኑን ጨፍኖ ክንዱን ዘረጋልኝ። አፈሰስኩለት። ቦት ጫማውን አጠበ። ከዚያ መርጫው ውስጥ ውሃ አስጨመረኝና ነቅንቆ ደፋው።

«በቃ» አለ።

«ሦስት ጊዜ ነው!» አልኩት። ያን ክረምት ውዱዕ የተማርኩት ከአዳዳ ነው፤ እጅ ሦስት ጊዜ፣ ፊት ሦስት ጊዜ። ከሦስት ያነሰ ነገር ሁሉ የነጻ አይመስለኝም ነበር።

ጀማል ሳቀ። «እውነትሽን ነው፣ እኛንም ሲያሠለጥኑን ሦስት ጊዜ አለቅልቁት ብለውናል።» ሁለት ጊዜ ደግሞ ሞላሁለት፣ ሁለት ጊዜ ደፋው። ነጣ ያለው ውሃ እየሸተተ በቦዪቱ ሲንሸራተት አየሁት። በዓይኔ በብረቱ አየሁት። ግን መርዝ የሚመጣው በነፋስ ነው፤ ነፋሱን ደግሞ እኔ ጠብቄያለሁ። ቁርሱን በሰፊው በላሁ።

በሦስተኛው ቀን የሂናዋ ለጋ ጫፎች አንገታቸውን ደፉ። በአምስተኛው ቀን ቅጠሏ እንደ ፍየል ቀንድ ተጠማዘዘ። አዳዳ ጠዋት ወጥታ አይታት ጮኸች። የፈሩት ይደርሳል እንደሚባለው ሆነባት። ቀጥታ ወደ አጥሩ ሄደች።

«አባ ይማም! የት አለ ቃልዎት?»

«ምን ሆነሽ ዘሃራ?»

«እኛ ቁርስ ስናሰናዳ ደግማችሁ ረጭታችኋል። ሂናዬን ይዩዋት!»

«ወላሂ አንድ ጠብታ አልተደገመም።»

«እንግዲያው ከሰማይ ወረደ?»

በማግስቱ ጠዋት አባ ይማም እንደ ልማዳቸው «አካም ቡልቴ ዘሃራ?» አሉ። አዳዳ አልመለሰችም። ትንሽ ቆይተው ደገሙት። አሁንም ዝም። ሉባባ «እማዬ፣ ሂና ከባቲ ይገዛል እኮ» አለቻት። አዳዳ «የሚገዛ ሂናማ ሞልቷል» አለችና ፊቷን አዞረች። ስታለቅስ ሳያት የመጀመሪያዬ ነበር።

ነገሩ የተገለጠልኝ የከሰዓቱን ሶላት፣ ዐሥርን፣ ልሰግድ ውዱዕ ሳደርግ ነው። እግሬን እያጠብኩ ውሃው በቦዪቱ ሲሄድ ዓይኔ ተከተለው። በቦዪቱ ግራና ቀኝ ያለው ሣር ቀጥ ብሎ ለምልሟል። በሣሩ መሐል ያለው ሰፊ ቅጠል አረም ግን ሁሉም ተጠማዝዟል፤ ከድንጋዩ እስከ ሂናዋ፣ በመስመር። አጥሩ ሥር ያለውን ቃሪያ አየሁት፤ ለማሳው ከሂናዋ ይልቅ የሚቀርበው እሱ ነው። ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አበባም ይዟል። ጆጉ ከእጄ ወደቀ።

ሁለት ቀን አፌን ዘጋሁ። ከተናገርኩ አዳዳም ታስወጣኛለች፤ መንቶች ካሉበት ቤት አንዴ ወጥቻለሁ፣ ከዚህም ከወጣሁ የት እገባለሁ? ይህን እያሰብኩ እህል አልወርድ አለኝ። አዳዳ ወባ መስሏት ግንባሬን ዳሰሰች። መዳፏ ሲነካኝ ይብስ ጨነቀኝ።

ዓርብ ከጁምዓ መልስ አባ ይማም ነጭ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከበሩ ቆሙ። አልገባም አሉ።

«ዘሃራ፣ ሽማግሎቹን ሌላ ሰው ይቀበልልኝ ካልሽ እሺ ብያለሁ» አሉ። «ግን ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። ልጅቷን እኔም አሳድጌያታለሁ። ሂናዋን አስቤ ነው ያን ጥግ በእጅ ይታረም ያልኩት።» እኚያ ዝግ ያሉ ሰውዬ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። «እሳቸው አይደሉም!» አልኩ። «እኔ ነኝ! እኔ ነኝ ያፈሰስኩት!»

አዳዳ ለሳቸው አዝኜ የምዋሽ መስሏት «ዝም በይ አንቺ» አለችኝ። ቀሚሷን ይዤ ጎተትኳት። ቦዪቱ ጋ አድርሼ ሣሩን አሳየኋት፤ የተጠማዘዘውን አረም አሳየኋት፤ ጀማል የት እንደተቀመጠና መርጫውን ስንት ጊዜ እንዳጠብን እያለቀስኩ ነገርኳት። «ሦስት ጊዜ ካልሆነ አይነጻም ብዬው ነው» አልኩ።

አዳዳ ቁጢጥ አለች። ጣቷን ከሂናዋ ሥር አንስታ በቦዪቱ ላይ እየሳበች እስከ ድንጋዩ መጣች። ከዚያ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠች። እኔ ፌስታሌ የት እንዳለ ማሰብ ጀምሬያለሁ።

«ያ ረቢ» አለች በመጨረሻ። «ነፋሱን ስንጠብቅ በእጃችን አጠጣናት።» ቀና ብላ አየችኝ። «እንግዳ እዚህ ይታጠባል ያለሽ ማነው?»

«አንቺ።»

«ውሃው ወደሷ እንዲሄድ ቦዪቱን የቆፈረው ማነው?»

«አንቺ።»

«ታዲያ ምን ታለቅሻለሽ?» አለችና ወደ ጉያዋ ሳበችኝ። እኔም ይብሱን አለቀስኩ። ቀጥላ ተነሳች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ በሩ ድረስ ሄዳ ከአባ ይማም ፊት ቆመች። «አፉ በሉኝ» አለቻቸው። «ክፉ ነገር ተናግሬዎታለሁ።»

«አፉ ብያለሁ» አሉ አባ ይማም። «አሁን ዶማ አምጡ።»

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለውን በዚያ ከሰዓት አየሁ። አባ ይማም የጁምዓ ልብሳቸውን አውልቀው የቦዪቱን አፍ በድንጋይና በጭቃ ደፈኑ። ጀማልም ተጠርቶ መጣ። ነገሩን ሲሰማ ጭንቅላቱን ያዘ፤ «ውሃው ወዴት ይሄዳል ብዬ መጠየቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ ልጅቷን አትንኳት» አለ። የቦዪቱን ጭቃ ፍቆ በጆንያ እየተሸከመ ድንጋያማው ቦታ ወስዶ ጉድጓድ ውስጥ ቀበረው። ሉባባ መርዙን ይመጥጥልን ብላ ከሰል ወቅጣ ሂናዋ ሥር ነሰነሰች። በማግስቱ የቀበሌዋ የግብርና ባለሙያ መጥታ አየቻት። የተጠማዘዘውን ሁሉ ቁረጡት፣ ለሰውም ለፍየልም አይሁን፣ ሥሯን አትንኩ፣ ዝናቡ የቀረውን ያጥበዋል አለች። «ቀጥ ያለ ቅጠል ካወጣች ተርፋለች» ብላም ሄደች።

አዳዳ በራሷ እጅ ቆረጠቻት። ሂናዋ ጉልበቴን የማትደርስ ጉቶ ሆነች። ለእኔ አዲስ ሥራ ተሰጠኝ፤ በዚያ ድንጋይ ላይ ማንም እጁን እንዳይታጠብ መጠበቅ፤ መታጠቢያው ድንጋያማው ቦታ ሆኗል። ነፋስን ከጠበቅኩት በላይ ድንጋዩን ጠበቅኩት። በማግስቱ ጠዋት «አካም ቡልቴ ዘሃራ?» ሲባል አዳዳ «ነጋ!» ያለችው ሮቢት ገበያ ድረስ ሳይሰማ አይቀርም። እኔም ያን ቀን ሦስት ቂጣ በላሁ።

መስከረም ላይ አባቴ ሊወስደኝ መጣ። ከቤት እንዳልተባረርኩ ያወቅኩት ያኔ ነው። ሂናዋ ግን ገና ጉቶ ነበረች። መኪናው ላይ ስወጣ ወደሷ ዞሬ አየሁና ለሷም እጄን አውለበለብኩ።

ለሠርጉ ጥር ላይ ስንመለስ ከመኪና ወርጄ ማንንም ሳልሳለም ወደ ጓሮ ሮጥኩ። ሂናዋ ቁመቴን አክላለች። እያንዳንዷን ቅጠል በጣቴ ዳበስኩ፤ ሁሉም ቀጥ ያለ ነው። አዳዳ ከኋላዬ መጥታ ግራ መዳፏን ዘረጋችልኝ፤ መሐሉ ላይ ደብዘዝ ያለ ቀይ ክብ ነበር። «በኅዳር በራሴ ላይ ሞከርኳት» አለችኝ። «በልጄ እጅ ላይ መርዝ ላደርግ ነው እንዴ?» ቅጠሉ ግን ለእጅ እንጂ ለእግር አልበቃም። የእግሩ ሂና ከባቲ ተገዛ፤ አዳዳም ምንም አላለች።

ሉባባ ሂናውን ተቀብታ ባደረች ማግስት ጠዋት የደረቀውን ልትታጠብ ወጣች። አዳዳ ጆጉን ሞልታ ለእኔ ሰጠችኝ፤ የቤቱ ታናሽ እኔ ነኝ። ጆጉን ይዤ ወደ ድንጋያማው ቦታ መንገድ ጀመርኩ።

«ወዴት ነው?» አለች አዳዳ።

«የሚታጠበው እዚያ አይደል እንዴ?»

እሷ ጎንበስ ብላ ከነሐሴ ጀምሮ ቦዪቱን የደፈነውን ድንጋይ አነሳችና ወደ ጎን ጣለችው። ሉባባን በትከሻዋ ይዛ ነጩ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት። እኔ ጆጉን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ።

«አፍስሺ» አለችኝ። «ይሄኛው ውሃ የሂናዋ የራሷ ነው።»

አፈሰስኩ። ቀይ ውሃ ከሉባባ መዳፍ ወርዶ ድንጋዩን አለፈ፣ ቦዪቱን ይዞ ቀስ እያለ ሄዶ ሂናዋ ሥር ገባ። አዳዳ «ሦስት ጊዜ» አለች፤ ጆጉንም ደግማ ሞላችልኝ።